«ሞቷል» የተባለ ሞተር ስንት ያወጣል?

የሳር ማጨጃ፣ የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ሞተር ሲያነክስ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

በአዲስ አበባ በሆቴሎች፣ በኤምባሲዎችና አጥር ባላቸው የመኖሪያ መንደሮች ሳር የሚያጭደው ማሽን፣ መብራት ሲጠፋ በሱቅ ደጃፍ የሚጮኸው ትንሽ ጄኔሬተርና በወንዝ ዳር ለአትክልት ውሃ የሚስበው ፓምፕ ሥራቸው ይለያይ እንጂ ሞተራቸው የአንድ ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ የተሸከሙት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና በገመድ ተስቦ የሚነሳ ሞተር ነው። ሕመማቸውም ተመሳሳይ ነው። አልነሳ ይላሉ፤ ተነስተው ያነክሳሉ፤ ሥራ ሲሰጣቸው ይጠፋሉ፤ ወይም ጥቁር ጭስ ይተፋሉ።

በገበያው ቋንቋ እንዲህ ያለው ሞተር «ሞቷል» ይባላል። ይህች አንዲት ቃል የዕቃውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ትጥለዋለች። ባለንብረቱ አዲስ ለመግዛት ይነሳና አሮጌውን በመጣው ዋጋ ይለቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ገዢው «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ የወሰደው ሞተር ውስጡ አልቆ ይገኝና ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ከአዲሱ ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል። ሁለቱንም የሚያከስራቸው የሞተሩ ሕመም ርካሹ ነው ወይስ ውዱ የሚለውን ሳይለዩ መዋዋላቸው ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያስረዱት ይህንኑ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለደህናውም ለብልሹውም አንድ መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል። ገበያው ውስጥ የሚቀረው እየባሰ፣ ዋጋውም እየወረደ ይሄዳል። በትንንሽ ሞተሮች ገበያ ነገሩ አንድ ደረጃ ይከፋል፤ ሻጩ ራሱ የሚሸጠውን የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነውና።

መልካሙ ነገር ይህን ለማወቅ ጋራዥ መግባት የማያስፈልግ መሆኑ ነው። የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅና ግማሽ ሰዓት ያለው ሰው የሕመሙን ዓይነት በአብዛኛው መለየት ይችላል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ንጹሕ ነዳጅ፣ ከነዳጁ ጋር በልኩ የሚደባለቅ አየር፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ፣ እንዲሁም ፒስቶኑ ድብልቁን አምቆ የሚይዝበት ኃይል፣ ማለትም ኮምፕረሽን። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲጓደሉ በማጽዳት ወይም በትንሽ ዕቃ ይድናሉ። አራተኛው ሲጓደል ግን ሞተሩ የሚፈታበት፣ ፋሻ፣ ቫልቭ ወይም ሲሊንደር የሚነካበት ዕድል ሰፊ ነው።

በመሆኑም ፍተሻው ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ይኖርበታል። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ስላነከሰ ብቻ «ፒስቶኑ ነው» ይባልና ይፈታል፤ ተፈትቶ የተገጠመ ሞተር ደግሞ ካርቡሬተሩ እስካልጸዳ ድረስ እንደገና ማንከሱ አይቀርም።

ነዳጁ

የሳር ማጨጃ ሥራ የሚበዛበት ክረምት ነው። ዝናቡ አቁሞ ሳሩ ሲደርቅ ማሽኑ ሰርባቶዮው ውስጥ የቀረውን ቤንዚን እንደያዘ ወራት ይቆማል። መብራት በማይጠፋበት ወቅት ጄኔሬተሩም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ደግሞ ሲቀመጥ ያረጃል። በቀላሉ የሚተነው ክፍሉ እየወጣ ይሄድና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል። የሞተር አምራቾች ከ30 ቀን በላይ ለሚቆም ማሽን ነዳጁን ማራገፍ ወይም መከላከያ መጨመር እንደሚያስፈልግ በመመሪያቸው የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ከሰርባቶዮው ስር ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ መቅዳትና ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ካለበት ከታች ለብቻው ይቀመጣል። ያረጀ ቤንዚን ቀለሙ ይጠቁራል፤ ሽታውም የቫርኒሽ ይመስላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንደሆነ ደግሞ ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርጎ ማየት ይቻላል። ንጹሕ ቤንዚን ሲተን እምብዛም ምልክት አይተውም፤ ነጭ ጋዝ የገባበት ግን ቅባት መሰል እድፍ ያስቀራል። በጀሪካንና በውሃ ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ይህ ምርመራ ይገባዋል።

ኢታኖልም ቢሆን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነበር። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ሲበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ለሚሮጥ መኪና ይህ አሳሳቢ ላይሆን ይችላል። ለወራት ለሚቆም ትንሽ ሞተር ግን ችግር ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የሰርባቶዮው ክዳን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ይህ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ ሞተሩ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ደህና ይሠራና ይጠፋል፤ ሲያርፍ እንደገና ይነሳል። ክዳኑ ላላ ተደርጎ ሞተሩ ሳይጠፋ ከሠራ የሕመሙ ዋጋ አንድ ክዳን ማጽዳት ነው።

አየርና ካርቡሬተር

የአየር ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ አየር ያጥረውና ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበትም ያጣል። ፊልትሮውን አውጥቶ ለአጭር ጊዜ ብቻ ማስነሳት መልሱን ይሰጣል። ሞተሩ ከተስተካከለ ጥፋቱ የፊልትሮው ነው። ይሁን እንጂ ያለ ፊልትሮ ሥራ ማሠራት አይገባም። የሚገባው አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋልና ርካሹን ሕመም ወደ ውዱ ይለውጠዋል።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ቾክ የሚባለው አየር መዝጊያ ነው። የሞቀው ሞተር ቾኩ በከፊል ሲዘጋ የሚሻለው ከሆነ የሚደርሰው ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ሥራ ሳይሰጠው ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ሞተርም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ጄት የሚባለው የናስ ዕቃ መደፈኑ ነው። ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ ካረጀ ቤንዚን የወጣች አንዲት ቅንጣት ትዘጋዋለች። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን አየር ሲያስገባም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል።

ማጽዳቱ በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ይደረጋል። ቀዳዳውን በሽቦ መውጋት ግን የተለመደ ስህተት ነው። ሽቦው ቀዳዳውን ካሰፋው ሞተሩ ከዚያ በኋላ ነዳጅ እየበዛበት ጥቁር ማጨስ ይጀምራል።

ከፍታ የሚወስደው ጉልበት

ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው «ደካማ ነው» የሚባልበት አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም የቦታው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ከፋብሪካ ለቆላ ተመጥኖ የወጣ ካርቡሬተር ለዚህ ስስ አየር ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ያለአግባብ ይቃጠላል። ስለዚህ አምራቾች ለደጋ የሚሆን ጠበብ ያለ ጄት ያቀርባሉ።

ጄቱ ቢቀየርም እንኳ የጠፋው ጉልበት በሙሉ አይመለስም። የታወቁ አምራቾች መመሪያ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት እንደሚቀንስ ይገልጻል። በዚህ ስሌት በአዲስ አበባ የሚጠፋው ከአንድ አራተኛ በላይ ነው። 5 ኪሎዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚህ ሲሠራ ከ3.7 ኪሎዋት ያለፈ መጠበቅ አያዋጣም። 3.5 ኪሎዋት ገደማ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድና አንድ ፍሪጅ አብሮ ሲሰካበት መንተፋተፉ ብልሽት ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይ ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ግን ያው ማሽን የሚያጣው 14 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ለአስመጪም ለቸርቻሪም ትርጉም አለው። አንድን ዕቃ ለድሬዳዋና ለአዲስ አበባ ደንበኛ በአንድ አፍ ማስተዋወቅ ተመላሽ ዕቃና ቅሬታ ያስከትላል። በሌላ በኩል ለደጋ ጄቱ የጠበበለት ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ነዳጅ አንሶት ከመጠን በላይ ሊግልና ሊቃጠል ስለሚችል ጄቱ መመለስ ይኖርበታል።

ካንዴላው የሚናገረው

ከሞተሩ ወጥቶ ውስጡን የሚመሰክር ርካሽ ዕቃ ቢኖር ካንዴላ ነው። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደህና ሲቃጠል ነበር። ደረቅ ጥቀርሻ ከሸፈነው ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። በዘይት ከረጠበ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው። ብዙ ገመድ ከተሳበ በኋላም ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ በቤንዚን ከራሰ ደግሞ ነዳጁ ደርሶ እሳቱ ቀርቷል ወይም ደክሟል።

እሳቱን ለማየት ካንዴላው ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ የብረት አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ የመነሻው ገመድ ይሳባል። ይህ ሲደረግ የፈሰሰ ነዳጅ መጠረግ፣ ካንዴላውም ከወጣበት ቀዳዳ መራቅ አለበት። በአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ እሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የኮይል ድካም ምልክት ነው።

እሳት ጨርሶ ከጠፋ ኮይል ከመግዛት በፊት ዘይቱን መለካት ይገባል። ብዙ ጄኔሬተሮች ዘይት ሲጎድል እሳቱን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘይቱ ትንሽ የጎደለ ወይም ወጣ ገባ መሬት ላይ የተቀመጠ ጄኔሬተር «ኮይሉ ተቃጥሏል» ተብሎ የሚሸጥበት አጋጣሚ አለ። እንዲህ ያለው ሞተር መድኃኒቱ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ድንጋይ የመታ ማጨጃ

የሳር ማጨጃ ከዘመዶቹ የሚለይበት አንድ ሕመም አለው። ስለቱ በድንጋይ ወይም በዛፍ ሥር ሲመታ በድንገት ይቆማል። ከላይ ያለው ከባዱ ቮላኖ ግን መዞሩን ለመቀጠል ይታገላል። በዚህ ጊዜ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር አስተካክላ የምትይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትቆረጣለች ወይም ትጎብጣለች። ከዚያ በኋላ እሳቱ በሰዓቱ አይመጣም። ገመዱ እጅን ይመልሳል፤ ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል፤ ቢነሳም ጉልበት የለውም። ነዳጁም፣ ብልጭታውም፣ ኮምፕረሽኑም ደህና ሆነው ሞተሩ ሲያነክስ ይህች ሽብልቅ ልትታይ ይገባል። ዋጋዋ ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም።

ይሁን እንጂ ያው ምት ዘንጉን ጭምር አጉብጦት ሊሆን ይችላል። የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ ስለቱ ቀስ ተብሎ ሲዞር ዘንጉ የሚወዛወዝ ከሆነ ነገሩ ወደ ውዱ ወገን ያደላል። ዘንጉ የጎበጠ ማጨጃ ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር ባይገዛ ይመረጣል። የካንዴላው ገመድ ሳይነቀል እጅን ወደ ስለቱ ማስገባት ጣት የሚያስቆርጥ በመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ጭሱ

ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው፤ መድኃኒቱም ከላይ የተዘረዘረው ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ የዘይት ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ዘይት ከልኩ በላይ የተሞላ ሞተር ሰማያዊ ያጨሳል። ለጽዳት ሲባል በተሳሳተ ጎኑ የተገለበጠ ማጨጃም ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ፊልትሮው ስለሚፈስ ሲነሳ ግቢውን በጭስ ይሞላዋል። ይህ ዓይነቱ ጭስ ዘይቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ ይጠራል። ማሽኑ ሲጋደም ካርቡሬተሩና ፊልትሮው ወደ ላይ መሆን ያለባቸው ለዚሁ ነው። ዘይቱ በልኩ ሆኖ፣ ሞተሩ ሞቆም ሰማያዊው ጭስ ካላቆመ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ማለቁን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ውዱ ጥያቄ

ኮምፕረሽንን ለመገመት ገመዱን ቀስ አድርጎ መሳብ ይጠቅማል። ደህና ሞተር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በግልጽ ይከብዳል። ያለምንም መከበድ እንደ ሪል ክር የሚፈታ ገመድ መጥፎ ምልክት ነው። በግፊት መለኪያ ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ገመዱ እንዲቀል ሲነሱ ግፊቱን በከፊል የሚያስተነፍስ ስልት ስላለ መለኪያው ደህናውንም ሞተር ደካማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ግፊቱ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መሳብ ነው። ገመዱ ከከበደ የደከመው ፋሻው ነው። ለውጥ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ሲሊንደር ራስ ጓርኒሲዮን ይዞራል። እዚህም ላይ ርካሽ መውጫ አለ። የቫልቩ ክፍተት ጠብቦ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ኮምፕረሽን ይወርዳል። በገበያ በብዛት በሚገኘው ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት የሆንዳ ዓይነት ሞተር ላይ ይህ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ለአየር ማስገቢያው 0.15፣ ለጭስ ማውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱን ማስተካከል የባለሙያ እጅ እንጂ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም።

የመለዋወጫ ነገር

ሕመሙ ውድ ሆኖ ከተገኘ የሚቀጥለው ጥያቄ መለዋወጫ ነው። የአብዛኛው ጄኔሬተርና ፓምፕ ሞተር ዘንጉ ወደ ጎን የተኛ ነው። ይህ ዓይነት በብዙ የቻይና ፋብሪካዎች ስለተቀዳ ዕቃው በየገበያው አለ። የሳር ማጨጃ ሞተር ግን በአብዛኛው ዘንጉ ወደ ታች የቆመ በመሆኑ የጎረቤቱ ዕቃ አይገጥምለትም። ሆንዳ በአሜሪካ የቤንዚን ሳር ማጨጃ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሟል። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በሌላ ባለሀብት እጅ ገብቷል። የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ2024 ጀምሮ የአዳዲስ ትንንሽ ቤንዚን ሞተሮችን ሽያጭ መገደብ ጀምራለች። ገበያው ወደ ባትሪ ባዘነበለ ቁጥር ከውጭ የሚመጣው ያገለገለ ማጨጃ ሊበዛና ሊረክስ ይችላል። በአንጻሩ የአሮጌው ሞዴል መለዋወጫ እየራቀ መሄዱ አይቀርም። ማጨጃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከማሽኑ ዋጋ ጋር የመለዋወጫውን ምንጭ አብሮ ቢያሰላ ይበጀዋል።

ዋጋው እንዴት ይቆረጥ?

ለስሌት ያህል አዲሱ ሞተር 100፣ ደህናው አሮጌ 60፣ «ሞቷል» የተባለው 20 ያወጣል እንበል። ሕመሙ የካርቡሬተር ከሆነና ማጽጃው 5 ከጠየቀ ገዢው በ25 የ60 ዕቃ ያገኛል። ሕመሙ ፋሻና ሲሊንደር ሆኖ 45 ከጠየቀ ግን በ65 የ60 ዕቃ ይዞ ይቀራል። አንዱ 35 ያተርፋል፤ ሌላው 5 ይከስራል። በሁለቱ መካከል ያለው የ40 ልዩነት የግማሽ ሰዓት ፍተሻ ዋጋ ነው።

ከዚህ በመነሳት ገዢው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንዲነሳለት መጠየቅ አለበት። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ድካሙን ይሸፍናልና። ከዚያም ሥራ ሰጥቶ ማየት ነው፤ ማጨጃውን ረዘም ባለ ሳር፣ ጄኔሬተሩን በምድጃ ወይም በውሃ ማሞቂያ። ሙከራው ከደጅ መሆን ይኖርበታል፤ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የሚወጣው ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

ሻጩም ቢሆን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት አሮጌውን ነዳጅ አራግፎ፣ ካርቡሬተሩን አጽድቶ፣ ካንዴላውን ቢለውጥ ዕቃውን በ20 ከመልቀቅ ይድናል። ሕመሙ ውዱ ሆኖ ከተገኘም መናገሩ ይሻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በገበያም የደበቀ ሻጭ ነገ ገዢ አይገኝለትም። ደላላው ደግሞ ካንዴላውን ነቅሎ ለሁለቱም ቢያሳይ ክርክሩ ያጥራል፤ ዋጋውም በጩኸት ሳይሆን በሚታይ ነገር ይቆረጣል።